የአጣቢዎች ክር

የሰፈራችን የጦር ካምፕ የተነሣው ማክሰኞ ቀን ነው። ቀኑን የማልረሳው ማክሰኞ የታጠበ ልብስ የምናስረክብበት ስለ ነበረ ነው። ጠዋት ወንዝ ወርደን የመጨረሻውን እጥበት ክትክታ ቁጥቋጦው ላይ አስጥተን፣ እስኪደርቅ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ሳለ ከላይ ከአስፋልቱ የከባድ ማኪና ድምፅ ተሰማን። አንዱ አለፈ፤ ሌላው ተከተለ፤ ሌላም መጣ። ጎረቤቴ የጭልጋ ሰው ናት፤ እኔ ከወገራ ስለመጣሁ እሷ «ወገሬ» ትለኛለች፣ እኔም «ጭልጌ» እላታለሁ። እጇን ግንባሯ ላይ ጋርዳ ሽቅብ አየችና፣

«ስንቅ መጣላቸው» አለች።

«ስንቅ እንዲህ በሰልፍ ይመጣል?»

«ምነው፣ ለጦር ሠራዊት ስንቅ በአህያ ይምጣ?»

ልብሱን እርጥቡንም ደረቁንም ሰብስበን ዳገቱን ወጣን። በር ስንደርስ ማኪናዎቹ ስንቅ ሊያወርዱ ሳይሆን ሰው ሊጭኑ የመጡ ነበሩ። አልጋው ተፈታቷል፣ ፍራሹ ተጠቅልሏል፣ የወጥ ቤቱ ትልልቅ ድስት ሳይቀር ተጭኗል። በሩ ላይ የቆመው ወታደር፣ «እናቶች፣ ትእዛዝ ነው። ወደ ሌላ ቦታ ተዛውረናል» አለን።

«ልብሳችሁስ?» ብዬ ጮህሁ።

ከዚያ የሆነው አሁንም ሲታወሰኝ ያስቀኛል። አሥራ አንድ ሴቶች ጥቅላችንን መሬት ላይ ፈትተን፣ የየልብሱን ጠርዝ ገልጠን እያየን ስም እየጠራን ወደ ማኪናው መወርወር ጀመርን። አንሶላ በአየር ይሄዳል፣ ሱሪ ይሄዳል። አንዱ ልጅ ያልደረቀ ካናቴራ ፊቱ ላይ ሲያርፍበት፣ «እማማ፣ ይህ አልደረቀም!» አለኝ። «በመንገድ ይደርቅልሃል» አልሁት። ቀድመው የሄዱት ማኪናዎች ላይ የነበሩት ግን ልብሳቸው እጃችን ላይ ቀረ። የደንብ ልብሱን በማግስቱ ለቀበሌው አስረከብን፤ የደንብ ልብስ ቤት ማስቀመጥ ጣጣ አለው። አንሶላውን፣ ፎጣውን፣ ካናቴራውንና ካልሲውን ግን ማንም አልተቀበለንም። አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ሆኖ እኔ ቤት ተቀመጠ።

እኔ የወታደር ልብስ ማጠብ የጀመርሁት ባሌ ከሞተ በኋላ ነው። ከወገራ አንድ ልጄን ይዤ ጎንደር ከተማ ዳር፣ ካምፑ ፊት ለፊት ተከራየሁ። ልጄ የወተት ጥርሱን ሲነቅል የጀመርሁትን እጥበት የልጅ ልጄ የወተት ጥርሷን ስትነቅልም አልተውሁትም ነበር። ካምፑ ለሰፈራችን የሁልጊዜ ገበያ ነበር። ዳቦ ጋጋሪ፣ ሻይ ቤት፣ ልብስ ሰፊ፣ ቤት አከራይ፣ ባጃጅ ነጂ፣ ሁሉም ከዚያ በር የሚወጣውን ሰው ነው የሚጠብቀው። የኔም ልጅ ባጃጁን የሚያቆመው እዚያው በር ላይ ነበር።

ስለ ክሩ መናገር አለብኝ፤ ያለ እሱ ይህ ነገር አይገባም።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በደንበኛ እንጣላ ነበር። የወታደር ልብስ አንድ ዓይነት ነው፤ አንሶላው አንድ፣ ካልሲው አንድ። በእስክሪብቶ ብንጽፍበት በሁለት እጥበት ይለቃል። አንድ ቀን እኔና ጭልጌ በአንድ አንሶላ ተጓተትን። እሷ የደንበኛዬ ነው አለች፣ እኔም የደንበኛዬ ነው አልሁ፤ በመጨረሻ አንሶላው ደህና ሆኖ የእሷ ነጠላ ተቀደደ። የቀደድሁት እኔ ነኝ፤ አልክድም። አንሶላውም የእሷው ደንበኛ ንብረት ሆኖ ተገኘ። በዚያ በጣም አፈርሁና ክሩን ያመጣሁት እኔ ነኝ።

እያንዳንዷ አጣቢ አንድ ቀለም ክር መረጠች። የእኔ ቀይ፣ የጭልጌ አረንጓዴ፣ የሌሎቹም የየራሳቸው። ጥቁሩን ማንም አልወሰደም፤ የሐዘን ነው ብለን። ከልብሱ ጠርዝ ውስጥ፣ በግራ በኩል፣ ባለቤቱ እንኳ በማያየው ቦታ ትንሽ ጥልፍ እናደርጋለን። የመጀመሪያው ደንበኛ አንድ ጥልፍ፣ ሁለተኛው ሁለት፣ እንዲያ እንዲያ እያለ ይሄዳል፤ አሥረኛው መስቀል ነው። ሕግም አወጣን። ደንበኛ አጣቢ መለወጥ ይችላል፤ ሰው ነውና ያኮርፋል። አዲሲቱ አጣቢ ግን የፊተኛይቱን ክር ብቻዋን አትፈታም። ሁለቱም ባሉበት የፊተኛይቱ በራሷ መርፌ ትፈታዋለች፣ ከዚያ አዲሲቱ የራሷን ትሰፋለች። ክር ሳታስፈታ ያጠበች ሴት አንድ ወር ወንዝ አትወርድም። አንዷን እንዲያ አድርገናት እናውቃለን፤ ወሩን ሙሉ ቤቷ ተቀምጣ ስትመለስ ማንም ስለ ነገሩ አላነሣባትም።

ካምፑ ከተነሣ በኋላ መጀመሪያ ያወቅነው ነገር ሰፈሩ ማርፈዱን ነው። ለካ ሁላችን የምንነሣው በካምፑ ጥሩምባ ኖሯል። ጥሩምባው ሲቀር ልጆቹ ትምህርት ቤት ዘገዩ፣ ዳቦ ጋጋሪዎቹም ለማን እንደሚጋግሩ ጠፋቸው። ልጄ አንድ ሳምንት ያህል ባጃጁን ባዶው በር ፊት ሲያቆም አየሁት። «ማንን ትጠብቃለህ?» ስለው፣ «እግሬ ነው የወሰደኝ» አለኝ።

ከጥቂት ወራት በኋላ በቀበሌው አዳራሽ ተሰብሰቡ ተባልን። ከከተማ አንዲት ልጅ እግር ባለሙያ መጣች። ፋይል ይዛለች፤ ረጋ ብላ ነው የምትናገረው፤ ወደድኋት። መንግሥት በካምፑ መነሣት ገቢያቸው ለተቋረጠ ነዋሪዎች ድጋፍ ያደርጋል አለች። ሥልጠና አለ፤ በመንገድ ዳር የመሸጫ ሼድ አለ፤ የካምፑ ግቢም የሙያ ማሠልጠኛ ሊሆን ነው፤ ከቤቶቹ ጥቂቶቹ ለተደራጁ ነዋሪዎች ይሰጣሉ። ከእነሱም አንዱ የማጠቢያ ቤቱ ነው ስትል እኔና ጭልጌ ተያየን።

የማጠቢያ ቤቱ ረጅም ቆርቆሮ ክዳን ያለው፣ ግራና ቀኝ የሲሚንቶ ገንዳ የተሰለፈበት፣ ከሮቶ ውሃ የሚወርድበት ቤት ነው። ካምፑ የራሱን የሕክምና ክፍል አንሶላ ብቻ ያጥብበት ነበር። እኛ ስንት ዓመት በአጥሩ እያየነው ወንዝ ወረድን። ያ ቤት ከተሰጠን የማሠልጠኛውን አዳሪዎች አንሶላ እናጥባለን፣ ቆመን እናጥባለን፣ ዝናብ አይመታንም። ካልተሰጠን ደግሞ ወንዙ ከጥር በኋላ ቁርጭምጭሚት አይሸፍንም፣ ደንበኛም የለም። ጉልበቴን ለማንም አላሳይም እንጂ በዚያ ጊዜ ድንጋይ ላይ ተንበርክኬ ስነሣ የሰው እጅ እፈልግ ነበር።

ቤቱን የፈለግነው ግን እኛ ብቻ አልነበርንም። የሰፈራችን እህል ነጋዴ ለካምፑ ወጥ ቤት ምስርና ሽንኩርት ያቀርብ ነበር። በዕድሜ ስለሚበልጠን አያ ነው የምንለው። መጋዘን ላድርገው ብሎ ጠየቀ። እሱም ተጎድቷል፤ የሰው ጉዳት አልክድም። ንግድ ፈቃድ አለው፣ የርክክብ ወረቀት አለው። እኛ ምንም ወረቀት የለንም።

ባለሙያዋ መላ አመጣች። ወረቀት የሌለው ሰው ቅጽ ይሙላ፣ ሦስት ምስክር ይፈርምለት አለች።

ችግሩ የመጣው ከዚህ ነው፤ ያመጣሁትም እኔ ነኝ። ከአሥራ አንዳችን ፊርማ ያለኝ እኔ ብቻ ነኝ። ሌሎቹ በጣት ነው። እኔ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ፊደል ለይቻለሁ፣ ስሜን እጽፋለሁ፤ ፊርማዬንም ያን ጊዜ ያስተማረን ልጅ ራሱ ነው ያወጣልኝ። የስሜን የመጀመሪያ ፊደል አድርጌ ጭራውን እንደ ሐረግ ወደ ታች እጠመዝዘዋለሁ። ከጣት ምልክት ፊርማ ይከብዳል የሚል ወሬ ስለ ተነሣ ሁሉም ሴት ወደ እኔ ቤት መጣ። መጀመሪያ ለአሥሩ ጓደኞቼ ፈረምሁ። ቀጥሎ ከላይኛው መንደር አንዲት ሴት መጣች። ያቺ ሴት በዕድሜዋ አንድ ካልሲ ለወታደር አላጠበችም።

«አንቺ አጥበሽ ታውቂያለሽ?» አልኋት።

«ምነው፣ እናትሽ ሲያርፉ ሦስት ቀን ድንኳን ውስጥ ውሃ የቀዳሁ እኔ አይደለሁም?»

እሱ እውነት ነው፤ ቀድታለች። ምን ብዬ ልመልሳት? ፈረምሁ። በማግስቱ ሁለት መጡ። ለአንዷ ፈርመሽ ለእኔ ምነው አሉኝ፤ ይህም ክርክር ነው፤ ፈረምሁ። ከዚያ በኋላ ግን ይሉኝታ ብቻ አልነበረም። በር ላይ ተሰልፈው ሲጠብቁኝ፣ እስክሪብቶውን ሲያቀብሉኝ፣ ጭራውን ስጠመዝዝ ዝም ብለው ሲያዩኝ ደስ ይለኝ ነበር። ቤቴ ጽሕፈት ቤት መሰለኝ።

መጨረሻ ላይ ምራቴ መጣች። ከእኔ ጋር ነው የሚኖሩት፣ ልጄና እሷ። ቅጹን ቁጭ አድርጋ፣ «ለባዳ የሚሰጡትን ፊርማ ለእኔ ይነፍጉኛል?» አለችኝ። አልነፈግኋትም።

ሳምንቱ ሲያልቅ አሥራ አንዱ አጣቢዎች ከሠላሳ በላይ ሆንን። ዝርዝሩ ቀበሌው በር ላይ ተለጠፈ። ሁለተኛው ስብሰባ ላይ አያ ነጋዴው ተነሥቶ፣ «ወንዙ ይህን ሁሉ አጣቢ ይዞ ቢሆን ኖሮ አረፋው ጣና ይደርስ ነበር» አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔ በንዴት ጨስሁ፤ ያናደደኝ እውነት መሆኑ ነው።

ባለሙያዋ አልሳቀችም። «የአጣቢዎቹ ዝርዝር ታግዷል» አለች። «ከዚህ ውስጥ ማን እንዳጠበ ማን እንዳላጠበ መለየት አልቻልንም። ሰኞ እመለሳለሁ። ሌላ ማስረጃ ካላችሁ አምጡ። ከሌለ ቤቱ ማስረጃ ላለው ይሰጣል።»

ከአዳራሹ ስንወጣ ጭልጌ ነጠላዋን እየጎተተች፣ «እመቤት ባለ ፊርማ» አለችኝ፤ «በፊርማሽ አስገባሽን፣ በፊርማሽ አስወጣሽን። በይ አሁን ደግሞ አንድ ፈርሚና ቤቱን አምጪልን!»

«አፍሽን ያዢ።»

«እኔ አፌን ብይዝ ወንዙ አፉን ይይዛል?»

ቤት ገብቼ ተቀመጥሁ። ከሰዓት ነው፤ ፀሐይ በመስኮት ገብታ ጥጉ ላይ ያለውን ማዳበሪያ ታሳየኛለች። የወታደሮቹ አንሶላና ካልሲ። ለካ ማስረጃው እዚያው እፊቴ ተቀምጦ ኖሯል። አንዱን ፎጣ አወጣሁና ጠርዙን ገለጥሁ። ሦስት ጥልፍ፣ አረንጓዴ። የጭልጌ ሦስተኛ ደንበኛ።

ተነሥቼ ወደ እሷ ልሮጥ ስል ቆም አልሁ። ክሩን ካወጣን ያጠበ ይለያል፤ ያላጠበም ይለያል። ያላጠበው ሁሉ ቅጽ ላይ ደግሞ የእኔ ሐረግ አለ። ምራቴም አለች።

ምራቴ ሞኝ አይደለችም። ፎጣውን እጄ ላይ ስታይ ገባት። አጠገቤ ተቀመጠችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ያስተምሩኝ» አለች።

«ምኑን?»

«ክሩን። ቀይ የሁለታችን ነው እንላለን። አማትና ምራት በአንድ ክር ቢያጥቡ ማን ይጠይቃል? ጥልፉን አስቆጥሩኝ፤ እስከ ሰኞ እይዘዋለሁ።»

ትይዘው ነበር። ስምንተኛ ክፍል የጨረሰች ልጅ ናት። ጓደኞቼም ስለ እኔ ሲሉ ዝም ይሉ ነበር። የልጄ ባጃጅ ቀኑን ሙሉ ቆሞ እንደሚውል፣ ለልጅ ልጄ ጫማ መግዛት እንዳቃታቸው አውቃለሁ። ፎጣውን አጣጠፍሁት። በመጨረሻ፣

«ወንዝ ወርደሽ አታውቂም» አልኋት።

«ያን ሲፈርሙልኝም ያውቁ ነበር።»

«አውቅ ነበር። ያኔ ያጠፋሁትን አሁን ልድገመው?»

«እሺ፣ ለሰው ሲሆን ይሉኝታ፣ ለእኔ ሲሆን ፍርድ» ብላ ተነሣች። ፎጣውን ማዳበሪያው ውስጥ መለስሁት።

ሰኞ ማዳበሪያውን ከጭልጌ ጋር በሁለት ጫፍ ይዘን አዳራሽ ገባን። ጠረጴዛው ላይ ገለበጥነው። ባለሙያዋ መጀመሪያ ካልሲውን በእስክሪብቶዋ ጫፍ ነው ያነሣችው። ታጥቧል ብንላትም አላመነችም። ክሩን፣ ቀለሙን፣ የጥልፉን ቁጥር ነገርኋት። አዳመጠችና፣

«እናቴ፣ አይቀየሙኝ። ይህን ዛሬ ጠዋት ሰፍታችሁት ቢሆንስ?» አለች።

ጥያቄዋ ሸጋ ነው፤ እኔም ብሆን እጠይቅ ነበር። መርፌዬን ከነጠላዬ ጫፍ ነቀልሁና ከአንድ ሰማያዊ አንሶላ ላይ ቀዩን ክር ፊቷ ፈታሁት። አንሶላው በእጥበት ብዛት ነጣ ብሏል። ክሩ ተኝቶበት የነበረው ቦታ ግን ገና ከሱቅ እንደ ወጣ ሰማያዊ ነበር፤ እንደ ጠባሳ ጥልፉን መስሎ ቀርቷል። በጣቷ ነካችው። አያ ነጋዴውም መነጽሩን አድርጎ መጣና ጎንበስ ብሎ አየ። መነጽሩን አውልቆ ወደ ቦታው ተመለሰ።

ከዚያ ባለሙያዋ ሁላችንንም ወደ ውጭ አስወጣችን። ቅጽ የሞላችውን ሴት ሁሉ አንድ በአንድ እየጠራች ልብሱን እያሳየች ማን እንዳጠበው ጠየቀች። አሥራ አንዳችን አንድ ዓይነት መለስን። ይህ የቢጫዋ ስድስተኛ፣ ያ የነጭዋ መስቀል። ጭልጌ ስትወጣ ቀልቧ አልተቀመጠም ነበር።

«ምን አልሽ?» አልኋት።

«ካልሲውን ስታሳየኝ ይህ የቀይዋ አራተኛ ነው፣ እግሩ ይሸታል አልኋት። እሱንም ጻፈችው።»

ሌሎቹ ግማሾቹ በሩ ላይ ደርሰው ተመለሱ። ግማሾቹ ገብተው «እኔ ክር አልጠቀምም ነበር» አሉ። ምራቴ ስሟ ሲጠራ አልገባችም። አጥሩ ጥግ ቆማ እኔን ነበር የምታየው።

መልሰን ስንገባ ባለሙያዋ ቅጾቹን በሁለት ከፍላ አስቀምጣ ነበር። በትልቁ ክምር ላይ እጇን አድርጋ፣ «እነዚህ ላይ ሁሉ አንድ ፊርማ አለ። የማን ነው?» አለች።

ማንም አልጠቆመኝም፤ ይህን ስለ እነሱ ስናገር ደስ ይለኛል። ተነሣሁ።

«የእኔ ነው።»

«እንዳላጠቡ እያወቁ ነው?»

«እያወቅሁ ነው። የመጀመሪያውን በይሉኝታ ፈረምሁ። ከሦስተኛው በኋላ ያለው ግን ኩራት ነው።»

«እዚህ ውስጥ ዘመድ አለዎት?»

«ምራቴ አለች። እሷም አላጠበችም። ሰርዢያት።»

ምራቴ አጥሩን ለቅቃ ስትሄድ በመስኮት አየኋት። ባለሙያዋ ረጅም ጊዜ ጻፈች። ከዚያ ቀና ብላ፣ የማጠቢያ ቤቱ ለአጣቢዎቹ ማኅበር ይሰጣል አለች፤ ሐሰተኛ ምስክርነት የሰጠ ሰው ግን በደንቡ መሠረት ለአንድ ዓመት ከማንኛውም ድጋፍ ይታገዳል። ስለዚህ አሥራ አንዱ አጣቢዎች አሥር ሆኑ።

ጭልጌ ተነሥታ ጮኸች። «ክሩን ያመጣች እሷ! ሕጉን ያወጣች እሷ! እሷን አውጥታችሁ ለእኛ ምን ትሰጡናላችሁ?»

አያ ነጋዴው፣ «ደንብ ለእሷ ሲሆን ይለስልስ?» አለ።

«አይለስልስ» አልሁ። «ጭልጌ፣ ቁጭ በይ። እኛም ክር ሳታስፈታ ያጠበችውን አንድ ወር አስቀምጠናታል።»

በአዳራሹ እንዲህ አልሁ እንጂ ቤት ስደርስ በሩን ዘግቼ አልቅሻለሁ። ፍርድ ሸጋ ነው፤ በራስ ላይ ሲመጣ ግን ይቆረቁራል። የሌሎቹ ሁለት ምስክሮች ጣትስ የሚል ነገርም በሆዴ ነበረ። ሁሉም ቅጽ ላይ ሦስት ምስክር አለ፤ የተጠየቅሁት እኔ ብቻ ነኝ። ይህን ለባለሙያዋ በማግስቱ ሄጄ ነግሬያታለሁ። «የጣቱን ባለቤት ማወቅ አልቻልሁም፤ የእርስዎ ግን ሐረግ አለው» አለችኝ። በዚህ እስካሁን አልተስማማሁም።

ያን ሰኞ ባለሙያዋ የወታደሮቹን ልብስ ለሚመለከተው አስረክባለሁ ብላ ወሰደችው። ከመውሰዷ በፊት ግን በእኛ ሕግ አንድ ነገር ቀርቶ ነበር። ደንበኛ ሲሄድ ክሩ ይፈታል። አሥራ አንዳችን ጠረጴዛውን ከበን፣ እያንዳንዳችን በመርፌያችን የየራሳችንን ፈታን። አንድ ካልሲ ብቻ ከነክሩ ፋይሉ ውስጥ ገባ፤ የእኔ አራተኛ ደንበኛ፣ እግሩ የሚሸተው።

አያ ነጋዴው በመንገድ ዳር ሰፊ ሼድ ደረሰው፤ ምስሩን እዚያ ይሸጣል፤ ስናልፍ ሰላም እንባባላለን። ምራቴ ግን ዐቢይ ጾምን ሙሉ አላነጋገረችኝም። ምግቤን ታቀርባለች፣ ዞር ትላለች። ከፋሲካ በኋላ ራሴ ባለሙያዋ ዘንድ ሄጄ ጠየቅሁ። የባጃጁ ገቢ የቆመው በካምፑ መነሣት ነው፤ በዚህ መመዝገብ አይቻልም? ይቻላል አለች፤ መጀመሪያም በዚያ መምጣት ነበረባት አለች። ልጄ የራሱን ማስረጃ አቀረበ፤ ምራቴ ማሠልጠኛው ውስጥ ልብስ ስፌት ገባች። አሁን ታነጋግረኛለች። ያን ቀን ግን አልረሳችውም፤ ክር ልትገዛ ገበያ ስትወጣ፣ «ቀይ ነው አይደል የማይነካው?» ትለኛለች።

እኔ ዓመቱን ወንዝ ስወርድ ከረምሁ፤ የሰፈር ነጠላ በእንዶድ አጥባለሁ። ወደ ላይ ስመለስ በማጠቢያ ቤቱ በር ቆም እላለሁ። ውሃው ሲወርድ ይሰማል፣ ሴቶቹ ቆመው ያጥባሉ። ሳሙና የምታባክን ካየሁ ከበሩ ላይ እናገራለሁ። ጭልጌ እጇን ሳታነሣ፣ «አባል ያልሆነ አስተያየት አይሰጥም!» ትለኛለች። ደግሞ ጉልበቴን አይታ፣ «ዳገቱን በእረፍት ውጪው» ትላለች።

ዓመቱ ሞላ። ቅጽ ተሰጠኝ፤ ያው ሦስት ምስክር ይላል። ጭልጌ ሁለት ሴቶች አስከትላ መጣች። ባለሙያዋ ያችው ልጅ ናት። ቀና ብላ፣

«እኚህን እናት በአጣቢነት ያውቋቸዋል?» አለቻት።

«በወንዝ ዳር ነጠላዬን የቀደደችው እሷ ናት» አለች ጭልጌ። «ከዚህ በላይ እንዴት አድርጌ ልወቃት?» ጣቷን ቀለም ነክራ አሳረፈች፤ ሁለቱም አሳረፉ።

ልጅቱ ቅጹን ወደ እኔ አዞረችው። እስክሪብቶውን ያዝሁ፤ የስሜን የመጀመሪያ ፊደል ጻፍሁ። ጭራውን ትንሽ ብቻ ወርጄ አቆምሁት።

በሳምንቱ የማጠቢያ ቤቱ ገባሁ። የተተወልኝ ገንዳ በሩ አጠገብ ያለው፣ ነፋስ የሚገባበት ነው።

«ይህን ማን ሰጠኝ?» አልሁ።

«የቀረው እሱ ነው» አሉ።

«የቀረ ብሎ ነገር የለም። ዕጣ ይጣል።»

ጭልጌ፣ «ገና ከመግባትሽ!» ብላ እጇን አራገፈች። ሌሎቹም አጉረመረሙ፤ ዓመት ሙሉ የለመዱትን ገንዳ ማን ይለቃል። ግን ሕግ ሕግ ነው፤ እያንዳንዷ ክሯን ቆርጣ አመጣች፣ በነጠላ ጫፍ ጠቅልለን ቀላቀልነው፣ ከመንገድ የጠራናት አላፊ ሴት የማን ምን እንደሆነ ሳታውቅ ከጥግ ጀምራ በየገንዳው ላይ አንድ አንድ ክር እያወጣች አስቀመጠች። የበሩ ገንዳ ጋ ስትደርስ አንድ ብቻ ቀርቶ ነበር። ቀይ ነው።

ማንም እስኪስቅ አልጠበቅሁም። ነጠላዬን ወገቤ ላይ አሸንፍጬ ቧንቧውን ከፈትሁ።